የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሆነ አገልግሎት

በዚህ ዘመን በየከተማው ባሉ መንፈሳውያን ማኅበራት ዘንድ አንድ ልማድ በርትቷል። ይኸውም ዐሥር ወይም ሃያ ሰዎች ሆነው፣ ገንዘብ አዋጥተውና ከምእመናንም አሰባስበው፣ አንድ ዓይነት ልብስ አሰፍተው፣ ዐሥራ አምስት ቀን ለማይሞላ ጊዜ በአውሮፕላን ወደ ባሕር ማዶ ሄደው፣ ሰብከውና ዘምረው፣ ፎቶግራፍም ተነሥተው መመለስ ነው። ስሙ «የአገልግሎት ጉዞ» ተብሏል። በባሕር ማዶ ያሉ አብያተ ክርስቲያናትም እንዲሁ ወጣቶቻቸውን ለአንድና ለሁለት ሳምንት ወደ አፍሪካ ይልካሉ፤ እነዚያም መጥተው የትምህርት ቤት ግድግዳ ቀብተው፣ ለሕፃናት ከረሜላ አድለው ይመለሳሉ። የሚሄደውም የሚመጣውም በአንድ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋልና፣ ሚዛኑ ምን እንደ ሆነ መመርመር ያስፈልጋል።

የዚህ ልማድ ደጋፊዎች ሦስት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው፣ በስደት ያለው ወገን የቃለ እግዚአብሔር ረኃብ አለበትና ሰው ሊደርስለት ይገባል የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ጌታ ሐዋርያቱን ወደ አሕዛብ ሁሉ ልኳልና መሄድ ትእዛዝ ነው የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ወጣቱ የሌላውን አገር ሰው ኑሮና ችግር አይቶ ሲመለስ እምነቱ ይጸናል የሚል ነው። እነዚህ ምክንያቶች የሚናቁ አይደሉም፤ ስለዚህ በየተራቸው መልስ ይገባቸዋል።

በስደት ያለው ወገን ረኃብ እውነት ነው። በቤይሩትና በኩዌት፣ በዱባይም በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያት እኅቶች አሉ፤ በአውሮፓና በአሜሪካም ከተሞች ከአገሩ የወጣው ሕዝብ እጅግ በዝቷል። ነገር ግን ረኃቡ የምን ረኃብ እንደ ሆነ ይጠየቅ። ስብከትና መዝሙር ዛሬ በእጅ ስልክ ሌሊትና ቀን ይሰማል። በስልክ የማይገኘው ካህን ነው። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ሰው በሞተ በ40ኛው ቀን ተዝካሩ ይወጣል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። እንግዲህ ዐሥራ አምስት ቀን የሚሰነብት እንግዳ በገባበት ዕለት የተወለደውን ሕፃን ሳያጠምቅ ይመለሳል፤ በገባበት ዕለት የሞተውን ቀብሮ ለተዝካሩ ሳይደርስ ይመለሳል፤ ጾሙን አስይዞ ትንሣኤውን ሳያበሥር ይመለሳል። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ራሱ ጊዜን የሚለካው በዚህ ዓይነት መስፈሪያ ሲሆን፣ ከመስፈሪያው ሁሉ ያነሰ ጉዞ በምን አገልግሎት ተባለ?

ከሁሉም ይልቅ እንዲህ ያለው እንግዳ የንስሓ አባት ሊሆን አይችልም። ንስሓ የሚገባ ሰው ኃጢአቱን የሚናገረው ነገም ለሚያገኘው፣ ቀኖናውን ፈጽመሃልን ብሎ ለሚጠይቀው፣ ቢታመም መስቀሉን ይዞ ለሚመጣለት አባት ነው። በአሠሪዋ የተበደለች፣ ደመወዝዋን የተነፈገች፣ ከዚህም የባሰ ያገኛት ልጅ ምሥጢሯን ከሦስት ቀን በኋላ በአውሮፕላን ጣቢያ ለሚሰናበታት ሰባኪ አትነግረውም። በጉባኤው መካከል ታለቅሳለች፤ ማኅበሩም ልቅሶዋን የጉባኤው ፍሬ ብሎ በሪፖርቱ ይጽፈዋል። እርስዋ ግን በማግሥቱ ወደዚያው ቤት ትገባለች፤ የሚጠይቃትም የለም።

ወደ ሁለተኛው ምክንያት ሲታለፍ፣ መሄድ ትእዛዝ መሆኑን የሚክድ ክርስቲያን የለም። የተላኩት እንዴት እንደ ሄዱ ግን መታየት አለበት። የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ጳጳስ ፍሬምናጦስ፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ በልጅነቱ ከመርከብ ተማርኮ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገብቶ ብዙ ዘመን የኖረ ሰው ነበር። በአራተኛው መቶ ዓመት ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለዚህ ሕዝብ ጳጳስ ይሰጠው ብሎ ቢለምን፣ ቅዱስ አትናቴዎስ አገሩን የማያውቅ ሌላ ሰው አልላከም። ቋንቋውን የሚያውቀውን፣ የሕዝቡን ጠባይ የተማረውን ያን ለማኝ ራሱን ሾሞ መለሰው። ከዚያም በኋላ የመጡት ተስዓቱ ቅዱሳን በደብረ ዳሞ፣ በመደራ፣ በአክሱምም ዙሪያ ገዳማቸውን ተክለው፣ ከሕዝቡ ጋር ኖረው፣ መጻሕፍትን ወደ ግእዝ መለሱ፤ የመጡበትንም አገር ዳግመኛ አላዩትም። ከኢትዮጵያ ወደ ውጭ የወጣው አቡነ ኤዎስጣቴዎስም በግብፅና በኢየሩሳሌም፣ በቆጵሮስም አልፎ ወደ አርማንያ ደርሶ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1352 በዚያው ዐረፈ። ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዘመናት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። የእነዚህ ሁሉ ጉዞ መሄጃው እንጂ መመለሻው የተቈረጠ አልነበረም።

እዚህ ላይ ከሳሽ ሊነሣ ይችላል። ፊልጶስ በጋዛ መንገድ ከሕንደኬ ጃንደረባ ጋር የቆየው ጥቂት ሰዓት ብቻ አይደለምን? ከዚያች አጭር ጊዜ የኢትዮጵያ ክርስትና ወሬ መነሣቱስ ይካዳልን? ይላል። ይህ ክስ ጽኑ ነው፤ መልሱም ከታሪኩ ውስጥ ይገኛል። ጃንደረባው ከሩቅ አገር ወደ ኢየሩሳሌም ለመስገድ የሄደ፣ በሠረገላው ተቀምጦ የነቢዩን መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ነበር። ፊልጶስ የቀረበው ያ ሰው በሚያነበው መጽሐፍ ነው፤ ወደ ሠረገላውም የወጣው ተለምኖ ነው፤ የተናገረውም ለተጠየቀው ጥያቄ ነው። አጥምቆት ሲሰወር ሥራው በጃንደረባው እጅ ቀረ። እንግዲህ አጭር አገልግሎት የሚበቃው አንባቢና ጠያቂ ቀድሞ ሲገኝ ነው። የዛሬው ተጓዥ ግን ሕዝቡ ምን እንደሚያነብና ምን እንደሚጠይቅ ሳያውቅ መልሱን አዘጋጅቶ፣ አሳትሞም ይዞ ይገባል።

ጎጃምም ራሱ ከውጭ የመጣ መምህርን በሁለት ዓይነት አካሄድ አይቷል። የኢየሱሳውያን ማኅበር ሰው የነበረው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ ቋንቋውን ተማረ፤ መጻሕፍቱን አነበበ፤ በ1618 የዓባይን ምንጭ በሰከላ አየ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖሮ በ1622 በጎርጎራ ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን የቸኰለ ሰው ነበር። የተጠመቀውን ሕዝብ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ የተካነውም ካህን ዳግመኛ ይካን አለ፤ ሰንበትንና ግዝረትን ሻረ። ጎጃምን ይገዛ የነበረው የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በሥልጣኑ ደገፈው። ፍጻሜው የታወቀ ነው፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፤ ዐፄ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት በዐዋጅ መለሰ፤ ሜንዴዝም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአገር ወጣ። የሃይማኖታቸው ነገር በሊቃውንት የተመለሰ ነው። አካሄዳቸው ግን ለሁሉ ትምህርት ነው። ፓኤዝ ለመማር ስለ ተቀመጠ ተቃዋሚዎቹ እንኳ ሰሙት፤ ሜንዴዝ ሳይማር ሊያስተምር ስለ መጣ የደገፈው ንጉሥ እንኳ ተወው።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ማለት የተጓዡ እምነት ይጸናል የሚለው፣ ከሁሉ ይልቅ እውነቱን የሚገልጥ ነው። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው፤ ይህም ጉዞ እንዲሁ ነው። ሰሙ ሌላውን ማገልገል ነው፤ ወርቁ ግን ራስን መጥቀም ነው። ራስን መጥቀም ነውር አይደለም። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄድ ተሳላሚ ለነፍሱ እንደሚሄድ በግልጥ ይናገራል፤ ከጎልጎታ ሲመለስም ኢየሩሳሌምን አገለገልኋት አይልም። በዚያች ከተማ አገልግሎት ያለው በዴር ሡልጣን ደሳሳ ጎጆ ውስጥ ብርዱንና ሙግቱን ታግሠው ርስቱን በሚጠብቁት መነኰሳት ዘንድ ነው። ተሳላሚው ይህን ስለሚያውቅ እጃቸውን ስሞ፣ አቅሙ የፈቀደውን ሰጥቶ ይመለሳል። እንዲሁም የዛሬው ማኅበር አገር ለማየት፣ ወዳጅ ለመጠየቅ፣ ልብን ለማደስ እንደሚሄድ ቢናገር ማንም አይነቅፈውም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ከምእመናን ሙዳየ ምጽዋት ለጉዞው ገንዘብ መጠየቅ አይችልም። ክርክሩ ሁሉ በዚህ ላይ ነው። መበለቲቱ የሰጠችው ብር ለአገልግሎት የተሰጠ ነው፤ ለጉብኝት ሲውል ግን መስረቅ ባይባል እንኳ ማታለል መሆኑ አይቀርም።

ለሃይማኖት ብሎ ከአገር መውጣት ምን እንደሚመስል ለማወቅ የጎጃም ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ እስከ ደብረ ኤልያስ፣ እስከ ዲማ ጊዮርጊስና እስከ ደብረ ወርቅ ያለው ደጋ ሁሉ ከወሎና ከጎንደር፣ ከሸዋና ከትግራይ ለቅኔ የመጣ ተማሪ ሲመላለስበት የኖረ ነው። ያ ልጅ ከእናቱ ቤት ሲወጣ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ የውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ ነው። በማያውቀው መንደር ደጃፍ ቆሞ በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ ይለምናል፤ የተሰጠውን ቍራሽ ይዞ ወደ ጎጆው ይመለሳል። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ይገርፈዋል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ለመድረስ የኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ዓመታትን ይፈጃል። በዚያ ቤት ትላንት የተቀኙትን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው፤ ለዕለቱ አዲስ ሊፈጠርለት ይገባል። ተጓዡ ሰባኪ ግን አንዱን ስብከት በአምስት ከተማ ይደግመዋል፤ ሰሚው ቢለወጥም ቃሉ አይለወጥም።

ልዩነቱ በድካሙ ብቻ አይደለም። ተማሪው የሚሄደው ተቀባይ ሆኖ ነው። የመንደሩ ሰው እንጀራ ሰጭ፣ እርሱ ለማኝ ስለሆነ፣ ባለቤቱ በደጁ ይከብራል እንጂ አይዋረድም። ተምሮ ሲያበቃም የመንደሩን ሰው ስም፣ ሐዘኑንና ደስታውን፣ የእርሻውን ወራት ጭምር ያውቃል፤ ስለዚህ መሪጌታ ሆኖ በዚያው ቢቀር ወይም ወደ ሌላ ቢሻገር የሚናገረው ይሰማለታል። የአገልግሎት ተጓዡ ግን ሰጭ ሆኖ ይገባል፤ አስተናጋጆቹ ከሥራቸው ቀርተው፣ ከደመወዛቸው ቀንሰው ያስተናግዱታል፤ አልጋቸውን ለቀው መሬት ይተኛሉ፤ ሲመለስም ረዳኋቸው ይላል። ከባሕር ማዶ ለአንድ ሳምንት የሚመጣውም እንግዳ እንዲሁ ነው፤ የአገሩ ቀለም ቀቢ ሥራ ፈትቶ ቆሞ እያየ፣ እርሱ የማያውቀውን ብሩሽ ይዞ ግድግዳ ይቀባል።

እንግዲህ ማንም ከአገሩ አይውጣ ማለት ነውን? አይደለም። በዚህ በቅርብ ዘመን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ወደ ባሕር ማዶ ሄዳ የሠራችው ትልቅ ሥራ በካሪብ ባሕር ደሴቶች ያለው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሚያዝያ ወር 1966 ጃማይካን ሲጐበኙ ራስ ተፈሪያውያን የተባሉት ሰዎች በብዙ ሺሕ ሆነው ተቀበሏቸው፤ ንጉሡንም እንደ አምላክ ያዩ ነበር። የንጉሡ ጉብኝት ጥቂት ቀን ነበር፤ ያን ስሕተት አላቀናም። በ1970 ወደዚያ የተላኩት አባ ላእከ ማርያም ማንደፍሮ ግን ኪንግስተን ላይ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ፤ በሕዝቡ ቋንቋ በእንግሊዝኛ አስተማሩ፤ በንጉሡ ስም አጥምቁን የሚሉትን ሳያባርሩ፣ ነገር ግን ከሥላሴ ስም በቀር በሌላ ስም ሳያጠምቁ በትዕግሥት ያዙአቸው። በ1979 አቡነ ይስሐቅ ተብለው ሊቀ ጳጳስ ሆኑ። ዝናው በዓለም ሁሉ የተሰማው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በ1980 ብርሃነ ሥላሴ ተብሎ በእርሳቸው እጅ ተጠመቀ፤ በሚመጣው ዓመት ሲሞትም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ተቀበረ። አባ ላእከ ማርያም ጃማይካ ከገቡበት እስከዚያ ጥምቀት ዐሥር ዓመት መሆኑን አንባቢ ልብ ያድርግ። እርሳቸውም በአሜሪካና በደሴቶቹ መካከል እየተመላለሱ አርጅተው በ2005 ዐረፉ፤ መቃብራቸውም በዚያው በጃማይካ ሆነ። ይህ አገልግሎት በዐሥራ አምስት ቀን ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የሚቀረው ፎቶግራፉ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ወጪው ነገር መመለስ ይገባል። ዐሥር ሰዎች ደርሰው የሚመለሱበት የአውሮፕላን ዋጋ ስንት ኩንታል እህል እንደሚገዛ ማኅበሩ ራሱ ያስላው። እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር በ2015 ዓመተ ምሕረት መጨረሻ በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በጎጃም ከመንደር ወደ መንደር መሄድ ለተማሪ አስፈሪ ሆኗል፤ መንደሩም ለራሱ የሚበላው ሲያንሰው ለአኮፋዳው የሚጥለው ቍራሽ ይቀንሳል። የኔታ ወንበሩን ዘርግቶ የሚጠብቀው ልጅ ሲበተን የሚጠፋው አንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ቅኔ በቃል የሚተላለፍ ትምህርት ነውና፣ አንድ ትውልድ ተቀባይ ካጣ መጽሐፍ ገልጦ የሚመልሰው የለም። ለባሕር ማዶ የሚሆነው ካህንም ከሌላ ቦታ አይበቅልም፤ የሚወጣው ከዚሁ ጎጆ ነው። ምንጩን አድርቆ ጅረቱን ወደ ሩቅ እርሻ ለመምራት የሚደክም ገበሬ ቢገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅበታል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚለው ምሳሌ የተነገረው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ ለአገልግሎት ወደ ውጭ የሚላክ ማኅበር አራት ነገር ሳያሟላ ገንዘብ አይሰብስብ። መጀመሪያ፣ ጥሪ ይኑረው፤ በዚያ አገር ያለው ሰበካ ምን እንደ ጐደለው በስሙ ጠቅሶ ይጻፍ፤ ዲያቆን የጠየቀው ዘማሪ አይላክለት። ሁለተኛ፣ ቋንቋ ይወቅ፤ በስደት የተወለዱት ልጆች ግእዙን ቀርቶ አማርኛውን አይሰሙምና፣ ለእነርሱ የሚሄድ መምህር በሚሰሙት ቋንቋ ማስተማርን አስቀድሞ ይማር። ሦስተኛ፣ የሚቀር ሰው ይኑር፤ ለዐሥር ሰው ዐሥራ አምስት ቀን የሚወጣው ገንዘብ አንዱን ካህን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ለረጅም ጊዜ ያኑር። አራተኛ፣ ለውጭ ከሚሰበሰበው ገንዘብ እኩሌታው ካህን ለሚወጣበት ጉባኤ ቤት ይሰጥ፤ ሒሳቡም ከቅዳሴ በኋላ በምእመናን ፊት ይነበብ።

ከውጭ ለሚመጣውም እንግዳ ሥርዓቱ ይኸው ይሁን። አገልጋይ ነኝ ብሎ የመጣ ሰው ዓመት ተቀምጦ ከየኔታ እግር ሥር ፊደል ይቍጠር፤ ይህን ካልቻለ እንግዳ ተብሎ በክብር ይስተናገድ፤ ለግድግዳው ቀለም ያሰበውን ገንዘብ ለአገሩ ቀለም ቀቢ ይስጥ። ይህ ቢሆን እንግዳውም አይታለልም፤ ባለቤቱም በደጁ አይዋረድም።

ማኅበራቱ ይህን ሥርዓት ቢይዙ ተጓዦቹ ያንሳሉ፤ ፎቶግራፉም ይቀንሳል። ነገር ግን በቤይሩት የተወለደችው ሕፃን በ80ኛው ቀኗ የሚያጠምቃት ካህን ታገኛለች፤ በደብረ ኤልያስ መንገድ የሚሄደውም ልጅ አኮፋዳው ባዶውን አይመለስም። ለሁሉም ማስተዋልን እግዚአብሔር ያድል።